ብልሽት ያልተገኘበት ክላሽ

ጋሼ ያንን ክላሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጡልኝ ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አስተኙትና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ምላጩ አላማረኝም። በጣም ቀለለብኝ። ገና ሳልነካው የሚተኩስ እየመሰለኝ ነው» አሉኝ።

ሃምሳ አለቃ የሚሉኝ በድሮ ማዕረጌ ነው። ሠራዊት ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ነበር የምሠራው። ከወጣሁ በኋላ ነፋስ ስልክ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ቪላ ተከራይቶ የሚሠራ አንድ የጥበቃ ድርጅት ቀጠረኝ። ሳሎኑ ቢሮ ነው፤ አንደኛው መኝታ ቤት በብረት በር ተዘግቶ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሆኗል፤ ለእኔ የደረሰችኝ ከጓሮ ያለችው ማድ ቤት ናት። ባለቤቶቹ ሽንኩርት ይከትፉበት በነበረው መደብ ላይ እኔ ክላሽና ሽጉጥ እፈታለሁ፣ እወለውላለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። የድርጅቱ መሣሪያዎች አሮጌ ናቸው። ሰደፋቸው የተሰነጠቀ፣ ማነጣጠሪያቸው የተጣመመ፣ ስንት እጅ እንዳለፉ የማይታወቅ።

ጋሼ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ነው የሚጠብቁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የቀድሞ ወታደር ናቸው። ጢማቸውን ሳይላጩ፣ ጫማቸውን ሳይጠርጉ አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ።

መሣሪያውን ፈታሁት። ምላጩን ደጋግሜ ሞከርኩ። መዶሻው በሚገባ ይመታል፣ ሞላው አልላላም፣ ሴፍቲው ቀጭ ብሎ ይቆለፋል።

«ጋሼ፣ ምንም የለበትም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እስቲ ደግመሽ እዪው።»

ደግሜ አየሁት። አሁንም ምንም የለበትም። ለደንቡ ያህል ዘይት ቀባሁትና ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ግን መሣሪያ የሚቀበል ወታደር እንደሚያደርገው አልፈተሹትም። አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍተው ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ወጡ።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ ተረጋግቼ አላውቅም። ሠራዊት ውስጥ ሳለሁ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር፤ የገጠምኩትን መሣሪያ ካስረከብኩ በኋላ ተመልሼ «አንዴ ልየው» እላለሁና። አሁንም አልተወኝም። ከእጄ የወጣ መሣሪያ ሁሉ ማታ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። ፉሪ ነው የምኖረው። ከሳሪስ ታክሲ ይዤ በሃና ማርያም በኩል ስሄድ፣ መንገዱን ሁሉ በሐሳቤ የቀኑን ሥራ መልሼ እፈታለሁ። ያቺን ፒን ገፍቼያታለሁ? የዚያኛው ሽጉጥ ጥይት መያዣ ሲገባ ድምፅ ሰጥቷል? ረዳቱ «ሒሳብ እዚህ ጋ!» ሲለኝ ነው የምነቃው።

ለጎረቤቶቼ ደግሞ ሥራዬን በግልጽ ነግሬያቸው አላውቅም። በዚህ ዘመን መሣሪያ የሚነካ ሰው መሆን በራሱ ጥያቄ ያመጣል፤ ማን ምን ብሎ እንደሚያስብ አይታወቅም። ማሽን ጠጋኝ ነኝ ብያቸዋለሁ። በዚህ የተነሳ አንዷ ጎረቤቴ ክር የሚበጥስ የስፌት ማሽኗን ተሸክማ መጣችብኝ። ምን ላድርግ፣ እሑድን ሙሉ ታግዬ ሠራሁላት።

ከመስቀል በኋላ ጋሼ ተመልሰው መጡ። ያው መሣሪያ ነው፤ ቅሬታቸው ግን ሌላ ነው።

«ሴፍቲው ይለቃል» አሉኝ።

«ምላጩ ነበር እኮ ያሉኝ።»

«እሱስ ተሻለው። አሁን ሴፍቲው ነው።»

ሴፍቲውን ቆለፍኩ፣ ከፈትኩ። መሣሪያውን አራገፍኩት፣ ሰደፉን በጎማ መታሁት። ንቅንቅ አላለም። ቀና ብዬ ሳያቸው ጋሼ መሣሪያውን እያዩ አልነበረም። በመስኮቱ ጓሮውን ነበር የሚያዩት፤ ግንባራቸው ላብ ይዞታል።

«ጋሼ፣ ለማንኛውም እዚህ ይደር። ነገ በደንብ አየዋለሁ» አልኳቸው። ምንም አስቤ አልነበረም፤ ብዙ ሥራ ስለነበረብኝ ነው። እሳቸው ግን ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ፤ ከባድ ዕቃ ያወረዱ ነው የሚመስሉት። «ተባረኪ» አሉኝ። ደጋግመው አሉኝ። ጓሮ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ውሃ ጠየቁ። ጠጥተው እንደጨረሱ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆዩ።

በማግስቱ ጠዋት የስምሪት ኃላፊው ማድ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ፈጣን፣ ጩኸታም፣ ስልኩ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው።

«የጋሼ ክላሽ አላለቀም እንዴ? ደንበኛው የታጠቀ ጥበቃ ነው የጠየቀን። ዱላ ይዘው ይቁሙልሽ?»

ብልሽት የለበትም አልኩና ሰጠሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በዚህ ጊዜ መሣሪያው በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሏል። ጥይት መያዣ ካዝናው ባዶውን በፌስታል ነው። ጥይቶቹ ደግሞ ለብቻቸው በጨርቅ ታስረው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ወጡ። የጨርቁ ቋጠሮ ከመጥበቁ የተነሳ ለመፍታት ጥርሴን መጠቀም ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ለምን ለያዩት?»

«መንገድ ላይ ሰው ይበዛል ብዬ ነው።»

«እሺ፣ አሁንስ ምኑ ነው የተበላሸው?»

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እንጃ። ብቻ ጥሩ አይደለም» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። የፈራሁት ደግሞ ከዚህ በፊት ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ካምፕ ውስጥ ሳለሁ አንድ ወታደር ነበር። ለምሳ ሲሰለፍም፣ ሊታጠብ ሲሄድም፣ ጠመንጃውን «ያዙልኝ» እያለ ለጓደኞቹ የሚሰጥ ልጅ ነው። ሰነፍ ነው ይሉት ነበር። እኔ በቅርብ አላውቀውም፤ ሰልፍ ላይ ነው የማየው። አንድ ቀን ጠመንጃው ለምርመራ ወደ እኛ ክፍል መጣ። ባለቤቱ ግን በሕይወት አልነበረም። አለቃዬ «ብልሽት ካለበት እዪና ሪፖርት አድርጊ» አለኝ። ፈትቼ እያንዳንዱን ብረት አየሁ። መሣሪያው ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ተበላሸ ተብሎ መጥቶ ብልሽት የማላገኝበት መሣሪያ፣ አፈሙዙ ከተሰነጠቀው የበለጠ ያስፈራኛል።

ጋሼን ፊት ለፊት ለመጠየቅ ግን አፌ አልታዘዘልኝም። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል? ተሳስቼ ብሆንስ? ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወታደር ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው። «እሺ፣ ይቆይ» ብቻ ብዬ ክላሹን ግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ለስምሪት ኃላፊው ደግሞ፣ «ሞላው ደክሟል፤ ዕቃ እስኪገኝለት ይቆያል» አልኩት። ውሸት ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ባለቤቴ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ነው፤ ጉልበቱን በቅባት እያሸ ነበር።

«ለአለቃሽ ንገሪ» አለኝ።

«ያባርሯቸዋል። የጠረጠርኩት ውሸት ቢሆንስ? ስማቸውን አጠፋሁ ማለት እኮ ነው።»

«አንቺ ሐኪም አይደለሽም። ክላሽ ጠጋኝ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ጸልዪበትና ተኚ።» እሱ ተኛ። እኔ ጸለይኩ፤ እንቅልፉ ግን አልመጣም። ጣሪያው ላይ የድመት ኮቴ እየሰማሁ፣ ያ ክላሽ ከእሳቸው ርቆ በብረት በር ውስጥ ተቆልፏል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሰኞ ጠዋት ግምጃ ቤቱን ስከፍት ትርፍ ከሚቀመጡት ክላሾች አንዱ ቦታው ላይ የለም። እየሮጥኩ ሳሎን ገባሁ።

«ለጋሼ ሰጠኋቸው» አለ የስምሪት ኃላፊው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «አንቺን ስንጠብቅ ደንበኛው ሊያመልጠን ነው።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ፈርመው ወሰዱ። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«አንቺ አይተሽው እንደሆነ ጠየቁኝ። አይታዋለች፣ ደህና ነው አልኳቸው።»

ሥራ አስኪያጃችን ጋ ደወልኩ። ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው፤ ሻለቃ ነው የምንላቸው። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ኋላ እንደሰማሁት ስብሰባ ላይ ነበሩ። ለስምሪት ኃላፊው ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ የነገርኩት ነገር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በየምድቡ ላለ ጥበቃ ሁሉ እንደሚዳረስ አውቃለሁ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ «ዕቃ ልፈልግ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ወደ መጋዘኑ በጎፋ በኩል ነው የሄድኩት። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ታክሲው በቆመ ቁጥር ጋሼ ጋ እደውላለሁ፤ አያነሱም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «የታመመብሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ሳላስበው ነው ያልኩት።

መጋዘኑ ጋ ስደርስ ጋሼ በሩ ላይ ነበሩ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ጥላ ያላት የጥበቃ ቤት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ባዶዋን ተቀምጣለች። ወደ ውስጥ አጮልቄ አየሁ። ክላሹ ጥግ ላይ ፊቱ ወደ ግድግዳ ተደርጎ ቆሟል፤ ላዩ ላይ ካርቶን ተደፍቶበታል።

«ስልክዎን ለምን አያነሱም?»

«ውስጥ ነው ያለው» አሉ፣ ወደ ጥበቃ ቤቷ እያመለከቱ። «ልገባ አልፈለግኩም።»

ሰው አልነበረም። የመጋዘኑ ሠራተኞች ምሳ ወጥተዋል። ከዚያ ሌላ ጊዜ እንደማላገኝ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሚፈሩት መሣሪያውን ነው ወይስ ራስዎን?»

ፊታቸው አልተለወጠም። መንገዱን እንዳዩ፣ «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልነገረኝም።»

ከዚያ ማውራት ሲጀምሩ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። «ምንም የደረሰብኝ ነገር የለም፤ እሱ ነው የሚገርመኝ። ልጆቼ ደህና ናቸው። ባለቤቴ ደህና ናት። በዕድሜዬ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ ያን ጊዜ ምንም አልሆንኩም። ሐምሌ ላይ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከዚያ ይሄ ሐሳብ መጣ። እኔ አልጠራሁትም። ብቻዬን ስሆን ይመጣል። መሣሪያው አጠገቤ ሲሆን ይበረታል። ራቅ ሲል ትንሽ ይቀለኛል።»

«ለሰው ነግረዋል?»

«ለማን? ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ምን ብዬ? እኔ እንዲህ ብሞት የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይቀብረኛል? ለአንቺም ስንት ጊዜ ልነግርሽ መጣሁ። ጠረጴዛሽ ጋ ስደርስ ሌላ ነገር ነው የምናገረው።»

እጃቸውን ያዝኩት። የማደርገውን አላውቅም ነበር፤ የማውቀው አንድ ሥራ ነው። ጥበቃ ቤቷ ገባሁና ክላሹን አነሳሁ። ጥይት እንዳልጎረሰ አረጋገጥኩ፣ ሽፋኑን ከፈትኩ፣ ከውስጥ የሚመላለሰውን፣ ጥይቱን የሚገፋውን ብረት አወጣሁ። ያ ከሌለ ክላሹ ተራ ብረት ነው። በፌስታል ጠቀለልኩና ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ጥይቶቹንም ውሰጂልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጥይት ይዤ ታክሲ ልግባ? ያስሩኛል። አሁን እኮ ከዱላ አይሻልም፤ አይፍሩት።» ከዚያ ሌላው ጣጣ ትዝ አለኝ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተቀያሪ ጥበቃ ይመጣል። እሱ የሚረከበው መሣሪያ እንደማይተኩስ አያውቅም። ሌባ ቢመጣበት በባዶ ብረት ነው የሚቆመው። «እስከ ማታ ሰው ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያ ከሰው አይለዩ። ሠራተኞቹ ሲመለሱ አብረዋቸው ይሁኑ። ስልክዎንም ኪስዎ ይክተቱት። ቃል ይግቡልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይደለም።»

«ቃሌ ነው» አሉኝ።

ስመለስ ጎፋ ጋ ፖሊሶች ታክሲውን አስቆሙት። ፍተሻ ነው። ሁሌም አለ፤ ሁሌም ወርደን መታወቂያ አሳይተን እንሳፈራለን። የዛን ቀን ግን ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ወረድኩ። ሴቶቹን የምትፈትሸው ፖሊስ ቦርሳዬን ከፈተች፣ ምሳ ዕቃውን አወጣች። ያልጠበቀችው ክብደት ሆነባት። ክዳኑን ስታነሳ የመሣሪያ ዘይት ሽታ ወጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

ለጎረቤቶቼ የምለውን፣ የማሽን ዕቃ ነው የሚለውን፣ ምላሴ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። አልወጣልኝም። «የክላሽ አካል ነው። የጥበቃ ድርጅት ጠጋኝ ነኝ፤ መታወቂያዬ ይኸው» አልኳት።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያቺ «የታመመብሽ ሰው አለ?» ያለችኝ ሴትዮ አሁን ብትኖር ራቅ ትል ነበር። ታክሲው ያለ እኔ ሄደ። ፖሊሶቹ አልሰደቡኝም፣ አልገፉኝም። የሲሚንቶ አጥር ጫፍ ላይ አስቀመጡኝና ስልኬን ወስደው ለመሥሪያ ቤቴ መደወል ጀመሩ። ይህ ብረት ለምን ከመሣሪያው ተለይቶ በምሳ ዕቃ እንደሚሄድ ሲጠይቁኝ ግን ሁለት ሐሳብ ያዘኝ። እውነቱን ብናገር የሰው ምስጢር ነው፤ ብዋሽ ራሴን አሳስራለሁ። «ኃላፊዬ ይምጡና ያስረዱ» ብቻ አልኩ።

ፀሐይዋ ወደ ጦር ኃይሎች በኩል እያዘነበለች ነው። እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ ጋሼ እዚያ ብቻቸውን ናቸው፤ ተቀያሪው መምጫው እየቀረበ ነው። ፖሊሷን፣ «እህቴ፣ አንድ ስልክ ብቻ ልደውል፣ በድምፅ ማጉያው ይሁን፣ አንቺም ስሚው» ብዬ ለመንኳት። ትንሽ አየችኝና ስልኬን ሰጠችኝ።

ጠራ። ጠራ። አሁንም ጠራ።

«ሃሎ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መኪና መጥቶ ሲሚንቶ እያራገፉ ነው። ከልጆቹ ጋር ቆሜያለሁ። ምን ሆንሽ፣ ድምፅሽ?»

«ምንም። በርቱ፣ እየመጣሁ ነው።» ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ፖሊሷ ከኪሷ ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሻለቃ ራሳቸው እየነዱ መጡ። ከፖሊሶቹ ጋር ተነጋገሩ፣ ወረቀታቸውን አሳዩ፣ ብረቱን ተረከቡ። መኪና ውስጥ ገብተን በሩ እንደተዘጋ ነው የፈነዱት።

«አብደሻል? ምድብ ላይ ያለ መሣሪያ ፈትተሽ በምሳ ዕቃ? ድርጅቱን ልታዘጊው ነው? አንቺ እንኳ! ከሁሉም አንቺ!»

«ሻለቃ፣ መኪናውን ጥግ ያስይዙትና ይስሙኝ።»

ጥግ አስያዙ። ነገርኳቸው። ስነግራቸው እጃቸው መሪው ላይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወርዶ ጭናቸው ላይ አረፈ።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ያባርሯቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

የሚክዱ መስሎኝ ነበር። «አዎ» አሉ። «አባርራቸው ነበር። ያውም ምክንያቱን ሳልጠይቅ።» ከዚያ ሞተሩን አስነሱና መኪናውን ወደ ብስራተ ገብርኤል አዞሩት። መንገድ ላይ ለስምሪት ኃላፊው ደውለው፣ «ሌላ ጥበቃ ከነመሣሪያው አሁኑኑ ላክ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ» አሉት።

ስንደርስ ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ሻለቃን ነው። ተስተካክለው ቆሙ፤ እጃቸው ለሰላምታ ሊነሳ ሲል መሃል ላይ ቀረ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ፣ ጋሼ።»

ሻለቃ ጥበቃ ቤቷ ገብተው ክላሹንና ጥይቶቹን ራሳቸው አወጡ፣ መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆለፉ። ከዚያ ጋሼን በክንዳቸው ይዘው ከእኔ ራቅ አድርገው አነጋገሯቸው። ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ሲጨብጡት አየሁ።

ተተኪው ጥበቃ እንደመጣ ሦስታችንም ወደ ሃና ማርያም ሄድን። ጋሼ እዚያ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ልብስ እያሰጡ ነበር። ባላቸው በሥራ ሰዓት ከአለቃቸውና ከማያውቋት ሴት ጋር ሲመጡ ሲያዩ የያዙት ልብስ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፉም» አሉ ሻለቃ። «አሟቸዋል። ራሳቸው ይነግሩዎታል።»

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሯቸው። ሁለት ጊዜ ጀምረው አቋረጡ። በሦስተኛው ጨረሱት። ባለቤታቸው ይጮሃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጮሁም። አጠገባቸው ተቀመጡና፣ «ለምን አትተኛም ስልህ ዕድሜ ነው አልከኝ» አሏቸው። «እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩህ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጠበል ነው የምወስደው» አሉኝ።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ከሆሳዕና ነው የመጣሁት፤ ጠበል በቤታችን አልነበረም። ያን ጊዜ ግን የሃይማኖት ነገር የሚወራበት ሰዓት አልነበረም። «ይውሰዷቸው፣ እናቴ» አልኳቸው። «ሐኪም ጋም ይውሰዷቸው። ሁለቱንም። አንዱ አንዱን አይከለክልም።»

ሁለቱንም አደረጉ። ጠዋት ጠበል፣ በቀጠሯቸው ቀን የአእምሮ ሐኪም። የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላቸው። መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ያደነዝዛቸው ስለነበር ሊተዉት ፈልገው ነበር። ባለቤታቸው ናቸው ደውለው የነገሩኝ፤ ሐኪሙ ጋ ተመልሰው መጠኑ ተስተካከለላቸው።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። አልከፋኝም። ሻለቃ ሲሰጡኝ ፊቴን እያዩ አልነበረም። የስምሪት ኃላፊው ግን ለብዙ ጊዜ «ምሳ ዕቃሽን አሳዪን» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ምክንያቱን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልተደረገም።

ጋሼ አልተባረሩም። እረፍት ወስደው ሲመለሱ ሻለቃ ለቡ አካባቢ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ መደቧቸው፤ መሣሪያ የሌለበት ምድብ ነው። ደመወዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ለወታደር ደግሞ ውርደት የሚመስላቸው ሰዎች ነበሩ። እሳቸውም እንደዚያ ሳይሰማቸው አልቀረም። ቢሮ ሲመጡ በማድ ቤቴ በኩል ማለፍ አቆሙ። አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘንና፣ «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሳይቆሙ አለፉ። ሃምሳ አለቃ አላሉኝም።

ይሄ በጣም ያስጨንቀኝ ነበር። ልክ ሠራሁ ወይስ አልሠራሁም የሚለው ሳይሆን፣ የተናደደ ሰው ብቻውን ይሆናል የሚለው ነው። ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማዳምጠው የስምሪት ኃላፊውን ድምፅ ነበር፤ የእሳቸውን መርዶ ይናገር ይሆን ብዬ። በየሳምንቱ መጨረሻ ለባለቤታቸው እደውላለሁ። «ደህና ነው፣ እየበላ ነው» ይሉኛል። ወይም «ዛሬ ጥሩ አይደለም» ይሉኛል። ጥሩ ባልሆነባቸው ቀናት እጄ ሥራ አይይዝም፤ አንድ ሽጉጥ ፈትቼ ለመግጠም ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።

አሁንም ያው ማድ ቤት ውስጥ ነኝ። አንድ ጥበቃ መሣሪያ ይዞ መጥቶ «ጥሩ አይደለም» ሲለኝ ቶሎ ብዬ እፈታዋለሁ። ብልሽቱን ሳገኘው፣ የተሰበረ ፒን ወይም የዛገ ሞላ እጄ ላይ ሲወጣ፣ እንደ ዕድለኛ ነው የምደሰተው። ሳላገኘው ስቀር ደግሞ መሣሪያውን ወደ ጎን አደርግና፣ «ተቀመጥ እስቲ፣ ቤት እንዴት ነው?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። አንዳንዱ ይቀመጣል።

ጋሼን በቀደም ሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ከባለቤታቸው ጋር ነበሩ፤ ጥቅል ጎመንና ድንች የያዘ ፌስታል ተሸክመዋል። እንዳላየኋቸው ልሆን ብዬ ፊቴን ሳዞር፣ «ሃምሳ አለቃ» ሲሉ ሰማሁ። ሰልፉን ትተው ወደ እኔ መጡ። ወፍረዋል። ጢማቸው እንደ ድሮው ሙልጭ ብሏል።

«እነዚያ ሕፃናት ጉድ አደረጉኝ» አሉኝ። «በሩን ስከፍት ሁሉም እጄን ካልጨበጡ አይገቡም። በጉንፋን ጨረሱኝ።»

«እንቅልፍስ፣ ጋሼ?»

«እተኛለሁ። ሁልጊዜ አይደለም። ግን እተኛለሁ።» ፌስታሉን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩና፣ «ያን ቀን አዋረድሽኝ ብዬ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«አሁንም አንዳንዴ እናደድብሻለሁ።»

«ይናደዱብኝ» አልኳቸው።

ታክሲ መጣና ሰልፉ ተበተነ፤ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጋፋ። ጋሼ ፌስታሉን ለእኔ አስይዘው ክንዳቸውን በበሩ ላይ ዘረጉና ባለቤታቸውን አስገቡ፣ ከዚያ ፌስታሉን ተቀበሉኝ፣ እሳቸውም ተከትለው ገቡ። ለእኔ ቦታ አልነበረም። መስኮቱን ከፍተው «የሚቀጥለው ይመጣል፣ አይዞሽ!» አሉኝ። ታክሲው ወደ ሃና ማርያም ታጠፈ።